ጥያቄው እዚሁ ሰፈራችን ነው፦ «ፍልስፍና አትማሩ» ላለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ዩኒቨርሲቲ ለገቡ ልጆች ምክር ተብሎ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ ሲዞር ነበር። ለእኔ የላከችልኝ የጎረቤቴ ልጅ ናት። ዘንድሮ የትምህርት ክፍል ትመርጣለች። «ጋሼ፣ እውነት ነው እንዴ?» የሚል መልእክት አያይዛበታለች። ይህ ምላሽ ለጸሐፊውም ለእሷም ነው።

ጽሑፉ ባጭሩ እንዲህ ይላል። ስለ አእምሮ፣ ስለ እውቀትና ስለ እውነታ ፍልስፍና መማር ጊዜ ማባከን ነው። ሥራ አያስገኝም። የፈረንጅ ጥያቄ ነው፤ እኛ የራሳችን ፈላስፋ ዘርዓ ያዕቆብ ይበቃናል። ሳይንስ ጉዳዩን ጨርሶታል፤ የተረፈውንም ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይጨርሰዋል። ወጣቱን ከእምነቱ ያናጋል። ደግሞም ሁለት ሺህ ተኩል ዓመት ተከራክረው አንድ መልስ እንኳ አላገኙም። ስለዚህ ትምህርት ክፍሉ ቢዘጋ ይሻላል።

እኔ ፍልስፍና ስድስት ኪሎ ተምሬያለሁ። አሁን ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም እኖራለሁ፤ በአንድ የግል ኮሌጅ ሎጂክ አስተምራለሁ። ከጽሑፉ ጋር የምስማማበት ቦታ አለ፤ ስደርስበት እናገራለሁ። በዋናው ነገር ግን አልስማማም።

«ሥራ አያስገኝም» ከሚለው ልጀምር። ይሄ የሚናቅ ነገር አይደለም። በሬ ሸጦ፣ ከዘመድ ተበድሮ ልጁን የሚያስተምር ሰው «ተመርቆ ምን ይሆናል?» ብሎ ቢጠይቅ ልክ ነው። «የፍልስፍና ምሩቅ እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ ብዙ ሲለጠፍ አይታይም። ይህን ደብቆ ልጆችን «ግቡ፣ ግቡ» ማለት ማታለል ነው።

ጸሐፊው ግን ከዚህ ተነስቶ «ሁሉም ኢንጂነሪንግ ይግባ» ይላል። እሱ ያለው መንገድ እኮ ተሞክሯል። በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ 70 በመቶው ተማሪ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ማኅበራዊ ሳይንስ ይግባ የሚል ፖሊሲ ወጥቶ ለዓመታት ተሠርቶበታል። በእኛ ብሎክ ሲቪል ምህንድስና ተመርቆ ራይድ የሚያሽከረክር ልጅ አለ። ጎበዝ ልጅ ነው። ሥራ ያጣው ትምህርቱ ዋጋ ስለሌለው ነው የሚል ሰው የለም፤ ግንባታው ስለቀዘቀዘ ነው እንላለን። ለእሱ የፈረድነውን ፍርድ ለፍልስፍና ምሩቁም እንፍረድለት።

ሌላም ነገር አለ። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ ገቢ ተማሪ ሁሉ ሎጂክና ሂሳዊ አስተሳሰብ የሚል ኮርስ ይወስዳል። እዚሁ ጎናችን ባለው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩት የነገ ኢንጂነሮችም ይወስዱታል። ታክሲ ውስጥ ፋላሲ (የተሳሳተ ክርክር ዓይነቶችን) ሲሸመድዱ እሰማቸዋለሁ። ይህን ኮርስ የሚያስተምረው ፍልስፍና የተማረ ሰው ነው። ትምህርት ክፍሉ ከተዘጋ ማን ሊያስተምረው ነው? ጽሑፉ ለዚህ መልስ የለውም።

«የፈረንጅ ጥያቄ ነው» የሚለው በጣም አሳዝኖኛል። ጸሐፊው ይህን ያለው ለሀገሩ ተቆርቁሮ መሆኑን አልጠራጠርም። ያሳነሰው ግን ያችኑ ሀገሩን ነው።

ግዕዝ ከውጭ የመጣ ሐሳብ ፈርቶ አያውቅም። ስለ እንስሳት የሚተርከው ፊሳልጎስ ከግሪክ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ገና በአክሱም ዘመን ነው። መጽሐፈ ፈላስፋ ጠቢባን በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከዐረብኛ ተተርጉሟል፤ የግሪክ ጠቢባን አባባል ሞልቶበታል። ተርጓሚዎቹ «ይሄ የማን ሀገር ነው?» ብለው አልገፉትም። ቀንሰው፣ ጨምረው፣ በራሳቸው አፍ አድርገው የራሳቸው አደረጉት። ይህን ታሪክ ሰብስቦ በማሳተም ትልቁን ድካም የደከመው ክሎድ ሰምነር ነው። ካናዳዊ ኢየሱሳዊ (ጀስዊት) ካህን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1953 መጥቶ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ለረጅም ዓመታት ፍልስፍና አስተማረ፤ ስለ ኢትዮጵያ ፍልስፍና አምስት ቅጽ አወጣ። ዛሬ «ዘርዓ ያዕቆብ አለን» የምንለው አብዛኞቻችን በእሱ በኩል ነው ያገኘነው።

ወደ ዘርዓ ያዕቆብ እንምጣ። በስሙ በሚታወቀው ሐተታ የተባለ መጽሐፍ ውስጥ ያለው ሰው ዋሻ ውስጥ ተቀምጦ የሚጠይቀውን አስቡት። ፈረንጁ ትክክለኛው ሃይማኖት የኔ ነው ይላል። ግብጻዊው የለም፣ የኔ ነው ይላል። ሁለቱም እርግጠኞች ናቸው። ታዲያ ማን ይፍረድ? ፈራጅ ይሆናል የተባለው ሰው ራሱ የአንዱ ወገን ቢሆንስ? ይህ የለየለት የእውቀት ፍልስፍና ነው። ጸሐፊው ያጣጣለው ኮርስ በመጀመሪያው ሳምንት የሚያነሳውም ይህንኑ ነው። ዘርዓ ያዕቆብን እየወደዱ ጥያቄውን መጥላት አይቻልም።

በዚያ ላይ ሐተታው የማን ነው የሚለው ራሱ ሙግት አለበት። ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ የተባለው ጣሊያናዊ የኢትዮጵያ ጥናት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1920 የጻፈው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው ብሎ ተነሳ። ጁስቶ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሀገራችን የነበረ ጣሊያናዊ ካፑቺን (የካቶሊክ) መነኩሴ ነው፤ ቅጂውን የግዕዝ መጻሕፍት ይሰበስብ ለነበረው ፈረንሳዊ ለአንቷን ዳባዲ የላከውም እሱ ነው። ቅጂዎቹ ዛሬ ፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ሰምነር ደግሞ ሥራው የኢትዮጵያዊ ነው ብሎ በሰፊው ተሟገተ። ሙግቱ ዛሬም አላበቃም። እዚህ ሙግት ውስጥ «የኛ ነው!» ብሎ መጮህ አንድ እርምጃ አያስኬድም። የሚያስኬደው ግዕዙን መመርመር፣ የምስክሩን ታማኝነት መመዘን፣ ማስረጃ ሲጎድል እስከ የት ድረስ ማመን እንደሚገባ ማወቅ ነው። ለዘርዓ ያዕቆብ ጠበቃ የሚሆነው ልጅ የሚወጣው ከዚሁ «አትማሩት» ከተባለው ክፍል ነው።

የአእምሮ ጥያቄም ቢሆን የአውሮፓ ብቻ ሆኖ አያውቅም። አንቶን ዊልሄልም አሞ እ.ኤ.አ. በ1703 ገደማ ዛሬ ጋና በምትባለው ሀገር፣ አክሲም አካባቢ ተወለደ። ገና ልጅ ሳለ ወደ አውሮፓ ተወስዶ ለአንድ የጀርመን መስፍን ተሰጠ። ተማረ። እ.ኤ.አ. በ1734 ዊተንበርግ ላይ ስለ ሰው አእምሮ የመመረቂያ ጽሑፍ አቀረበ፤ ነፍስና ሥጋ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው ያለውን ፈረንሳዊ ፈላስፋ ዴካርትን በስሙ ጠርቶ ሞገተው። ነፍስ ከሥጋ የተለየች ረቂቅ ከሆነች ሕመምና ስሜት እንዴት የእሷ ይሆናሉ? የሚሰማውስ ሕያው አካል ነው አለ። ኋላም በጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች አስተምሯል። አፍሪካዊ ሊቅ ከሦስት ምዕተ ዓመት ገደማ በፊት ገብቶ የተሟገተበትን ነገር «የፈረንጅ ነው» ብሎ ለፈረንጅ ማስረከብ ለምን ያስፈልጋል?

አሁን ዋናው ጋ ደረስኩ። «አእምሮ ማለት ጭንቅላት ነው፤ ሳይንስ ጨርሶታል» ይላል ጽሑፉ።

ይህን ከሰፈራችን ተነስቼ ልመልስ። ስም አልጠቅስም፤ አንዳንድ ነገርም ለውጫለሁ። አባቱ ከሞተ በኋላ ከቤት መውጣት ያቆመ ወጣት ነበር። ማታ ማታ ድምፅ ይሰማኛል ማለት ጀመረ። ቤተሰቡ ተሰበሰበ፤ እኔም እንደ ጎረቤት ተጠራሁ። ቡና ተፈልቶ ተቀድቷል፤ ማንም ስላልነካው ሲኒው ረከቦቱ ላይ እንዳለ ቀዝቅዟል። እህቱ ነርስ ናት። «የጭንቅላት ኬሚካል መዛባት ነው። ሆስፒታል ይሂድ። ሌላው ሁሉ ወሬ ነው» አለች። አጎትየው «ይሄ ዓይነ ጥላ ነው። የመንፈስ ነገር በኪኒን አይነካም። ጠበል ይግባ፤ መድኃኒት የሚባል ነገር እንዳታስነኩት» አሉ። እናትየው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ዝም።

እስቲ ያንን ክርክር ልብ ብላችሁ እዩት። አጎትየው መድኃኒት አይሰጠው ያሉት ስለ መድኃኒቱ የሚያውቁት ጉድለት ኖሮ አይደለም። ነፍስና ሥጋ እንዴት እንደሚገናኙ የያዙት እምነት ስላለ ነው። እህቲቱም ሌላውን ሁሉ «ወሬ» ያለችው ነርሲንግ ስትማር የተፈተሸ ነገር አይታ አይደለም። እሷም ያልመረመረችው እምነት አላት። የልጁ ዕጣ የተንጠለጠለው እነዚህ ሁለት እምነቶች ላይ ነበር። ሁለቱም ስለ አእምሮ የተያዙ ፍልስፍናዎች ናቸው፤ ያዦቹ ግን ፍልስፍና መሆናቸውን አያውቁም።

እ.ኤ.አ. በ1643 የቦሄሚያዋ ልዕልት ኤልሳቤጥ ለዴካርት ደብዳቤ ጻፈች። 24 ዓመቷ ነበር። ነፍስ ግዙፍ ካልሆነች፣ ስፍራ ካልያዘች፣ አካልን እንዴት ልታንቀሳቅስ ትችላለች ብላ ጠየቀችው። ዴካርት መለሰላት፤ አላረካትም፤ ደግማ ጠየቀችው። እኔም ለአጎትየው ያነሳሁት ይህንኑ የእሷን ጥያቄ ነው። «ጋሼ፣ መንፈሱ አካሉን ይጥለዋል፣ ያንቀጠቅጠዋል፣ እንቅልፍ ይነሳዋል እያሉን ነው። መንፈስ ሥጋን እንዲህ አድርጎ የሚነካ ከሆነ፣ በሥጋ በኩል የሚገባ ነገር ወደዚያ የማይደርሰው ለምንድን ነው? ወባ የያዘው ሰው ይቃዥ የለ? ያንን ቅዠት ኪኒን ያቆመው የለ?» አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ። ቆይተው «ጠበሉን ግን አይተውም» አሉ። ይተው ያለ ሰው አልነበረም።

ለእህቲቱም ጥያቄ ነበረኝ። ኬሚካሉ ተዛብቷል እንበል። የልጁ ሐዘን ግን ስለ አንድ ነገር ነው፤ ስለ አባቱ ነው። ኬሚካል ስለ ምንም አይደለም፤ እንዲሁ ያለ ነገር ነው። «ስለ አንድ ነገር መሆን» ከየት መጣ? ደግሞ ሐኪሙ በሽታውን የሚለየው እንደ ስኳር በደም ምርመራ አይደለም። ልጁን ጠይቆ፣ ሲናገር ሰምቶ፣ አኳኋኑን አይቶ ነው። የልጁ ውስጥ ለልጁ ምን እንደሚመስል ከልጁ አፍ ካልሆነ በየት ይገኛል? «ኬሚካል ነው» ሲባል ሳይንስ ነው። «ኬሚካል ብቻ ነው» ሲባል ግን ያቺ «ብቻ» ከላቦራቶሪ አልመጣችም። ልክ ልትሆን ትችላለች። ግን ሙግት ያስፈልጋታል።

ሊቃውንቱም እዚሁ ላይ ናቸው። ፈላስፋው ዴቪድ ቻልመርስ እ.ኤ.አ. በ1995 ይህን «ከባዱ ችግር» አለው፦ ነርቮቹ የሚሠሩትን ሁሉ ብናውቅ እንኳ፣ ከዚያ ሥራ ጋር አብሮ የሚሰማን ነገር ለምን ኖረ? ፓትሪሺያ ቸርችላንድን የመሰሉ ፈላስፎች ደግሞ የተለየ ችግር የለም፣ የአንጎል ሳይንስ ሲያድግ ይፈታል ይላሉ። ቸርችላንድ ይህን የምትለው የአንጎል ሳይንሱን ጠንቅቃ አጥንታ ነው። ሁለቱም ወገን ሳይንሱን ያከብራል። ልዩነታቸው ሳይንሱ ምን ያህል ይመልሳል በሚለው ነው። «ጨርሶታል» ብሎ መጻፍ ይህን ሁሉ ሙግት አለማየት ነው።

ልጁ ሆስፒታልም ሄደ፣ ጠበልም ተጠመቀ፤ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ። ፍልስፍና ፈወሰው አልልም። ነገር ግን «አንዱን ከያዝክ ሌላውን ጣል» የሚለው ነገር ከዚያ ቤት ወጥቷል። ይህን ቅንጦት ነው የሚለኝን ሰው በቅንነት እከራከረዋለሁ፤ ምክንያቱም እንዲህ ያለው ስብሰባ በየሰፈሩ፣ በየሳምንቱ አለ። አንዳንዱ ቤት መድኃኒቱ ተቋርጦ ልጅ ጉዳት ላይ ይወድቃል። አንዳንዱ ቤት ደግሞ ልጁ ምን እንደሚሰማው ማንም ሳይጠይቀው ኪኒን ብቻ እየተሰጠው ይኖራል።

ስለ እውነታ ጽሑፉ «ፊዚክስ ይበቃል» ብሎ ያልፋል። እኔም ረጅም አልሄድም። መስከረም 2013 ዓ.ም. የብር ኖት ሲቀየር ሁላችንም አይተናል። ቀነ ገደቡ ካለፈ በኋላ ፍራሽ ሥር የተረሳ አሮጌ መቶ ብር ያገኘ ሰው እጁ ላይ ምን ነበረው? ወረቀቱ ያው ነው። ቀለሙ ያው ነው። ክብደቱም ያው ነው። ገንዘብነቱ ግን የለም። ምን ጠፋ? ፊዚክስ በሚለካው ሁሉ ምንም አልጠፋም። ገንዘብ፣ ጋብቻ፣ የቦታ ካርታ፣ የክፍለ ከተማ ወሰን፣ እነዚህ ሁሉ በእርግጥ አሉ፤ የሰው ስምምነት ከሌለ ግን አይኖሩም። እኛ የከተማ ዳር ነዋሪዎች ነን፤ እርሻ የነበረ መሬት በአንድ ማኅተም «ፕሮጀክት» ሲሆን እናያለን። ምን ዓይነት ነገር በምን ዓይነት መንገድ አለ ብሎ መጠየቅ ለእኛ ሩቅ አይደለም።

ሰው ሠራሽ አስተውሎትን በተመለከተ ጸሐፊው «ከእንግዲህ ማሽን ያስባል፤ ስለ ማሰብ መማር ምን ያደርጋል?» ይላል። ማሽን ያስባል ወይ የሚለውን ጥያቄ ግን መልስ እንዳለው አድርጎ ዘለለው። የኮምፒውተርና የሒሳብ ሊቁ አለን ቱሪንግ ጥያቄውን እ.ኤ.አ. በ1950 ያነሳው ፍልስፍና መጽሔት ላይ ነው። ፈላስፋው ጆን ሰርል እ.ኤ.አ. በ1980 መልስ ሰጠ፦ ቻይንኛ የማያውቅ ሰው ክፍል ውስጥ ተቀምጦ፣ መመሪያ እያየ፣ በቻይንኛ ለሚመጣለት ጽሑፍ ትክክለኛ መልስ ቢያወጣ፣ ውጭ ያለው ሰው ቻይንኛ የሚያውቅ ይመስለዋል፤ ውስጥ ያለው ግን አንድ ቃል አልገባውም፤ ማሽኑም እንዲሁ ነው አለ።

እኛ ይህን ለመረዳት ቻይና መሄድ አያስፈልገንም። ንባብ ቤት ያለ ልጅ ዳዊት ሲደግም ሰምታችሁ ታውቃላችሁ። ተጣዩን ይጥላል፣ ተነሹን ያነሳል፣ አንድ ፊደል አይስትም። ትርጉሙን ጠይቁት፤ ገና አልተማረውም። ቁርኣን ቤት ያለው ልጅም ዐረብኛው ሳይገባው በቃሉ ይወጣዋል። ንባብና መረዳት የተለያዩ መሆናቸውን የሀገራችን ትምህርት ቤት ጥንት ያውቃል፤ ለዚህም ነው ትርጓሜ ቤት ለብቻው የቆመው። ጥያቄው ግን እዚህ አያበቃም፤ ይከፋል እንጂ። ያ ልጅ ኋላ ትርጓሜ ቤት ሲገባ የሚጨመርለት ምንድን ነው? ሌላ ቃል ከሆነ ማሽኑም ሊጨመርለት ይችላል። ሌላ ነገር ከሆነ፣ ምንድን ነው? ርቦት፣ በርዶት፣ እናቱን ናፍቆ ማወቁ ነው? እኔ ወደዚህ አደላለሁ። ተማሪዎቼ ግን አጥብቀው የሚሞግቱኝ ጥሩ ምክንያት አላቸው፤ የክፍሉ ሰዓት አልቆ ደጅ ቆመን የምንጨርስበት ቀን አለ። ማሽኑ አማርኛ እየጻፈ ባለበት ዘመን ይህን ክፍል እንዝጋ ማለት ጊዜውን አለማየት ነው።

«እምነትን ያናጋል» የሚለውን ስጋት አከብራለሁ። ወላጅ የሚፈራውን ነገር ማቃለል አይገባም። አንዳንድ ተማሪ በእርግጥ ይናወጣል። ነገር ግን ጥርጣሬን እስከ መጨረሻው ይዘው የሄዱት ሰዎች እነማን እንደሆኑ እንይ። አውግስጢኖስ ጳጳስ ነበር፤ ብሳሳት እንኳ የምሳሳተው እኔ አለሁ ብሎ የተከራከረው ከዴካርት ከሺህ ዓመት በላይ ቀድሞ ነው። አል ገዛሊ የእስልምና ታላቅ ሊቅ ነው፤ ዓይኑንም አእምሮውንም ማመን አቅቶት ሁለት ወር ገደማ በጥርጣሬ እንደቆየ ራሱ ጽፏል። ኋላ ከሃይማኖቱ አልወጣም፤ ጠለቀበት እንጂ። ዴካርት ራሱ ካቶሊክ ነበር። ልጆቻችን ጥያቄውን ክፍል ውስጥ ባይሰሙትም ስልካቸው ላይ ይሰሙታል፤ ያውም ከሚጮህ ሰው አፍ። ቀስ ብሎ፣ ሁለቱንም ወገን አስቀምጦ፣ የተቃዋሚውን ሐሳብ በጥሩ ጎኑ አቅርቦ የሚያስተምራቸው መምህር ቢያገኙ ለእምነታቸው ይሻላቸዋል። እኔ ያስተማሩኝ አንድ መምህር አጥባቂ ጾመኛ ነበሩ፤ ስለ ፈጣሪ መኖር የሚቃወመውን ክርክር እንደ እሳቸው አሳምሮ ያቀረበልኝ ሰው የለም።

የቀረው «መልስ አላገኙም» የሚለው ነው። አግኝተዋል። መልሱ ብዙ ጊዜ «ይህ መንገድ አያስኬድም» የሚል ነው፤ እሱም መልስ ነው። ከፕላቶ ጀምሮ ሲነገር የኖረ አንድ ሐሳብ ነበር፦ ማወቅ ማለት በቂ ምክንያት ያለው እውነተኛ እምነት ነው። አሜሪካዊው ፈላስፋ ኤድመንድ ጌቲየር እ.ኤ.አ. በ1963 ሦስት ገጽ ጽፎ ይህ እንደማይበቃ አሳየ።

በእኛ ሰፈር ላሳያችሁ። እዚህ ውሃ በፈረቃ ነው። አንድ ሰው ጠዋት አልጋው ላይ ሆኖ ከላይኛው ፎቅ ውሃ ሲንዶቀዶቅ ይሰማል። «ውሃ መጥቷል» ብሎ ያምናል። ምክንያት አለው፤ ይህ ድምፅ ሲሰማ ሁልጊዜ ውሃ መጥቶ ነው። የዛሬው ድምፅ ግን ጎረቤት ከጀሪካን ወደ በርሜል ሲገለብጥ ነው። እንደ አጋጣሚ በዚያችው ደቂቃ ውሃም መጥቷል። እምነቱ እውነት ነው። ምክንያትም አለው። ታዲያ ውሃ መምጣቱን ያውቅ ነበር? ክፍል ውስጥ ስጠይቅ አብዛኛው ተማሪ «ኧረ፣ ገጠመለት እንጂ» ይላል። ይህን ያለ ተማሪ ሁለት ሺህ ዓመት የቆየ ፍቺ አፈረሰ ማለት ነው። ቀጥሎ «ታዲያ ምን ይጨመርበት?» ስለው ሥራው ይጀምራል።

ይህ ጨዋታ የሚመስለው ካለ ቦታ የሚገዛ ሰው ያማክር። ደላላው «ካርታ አለው» ይላል። ገዢው ይጠራጠርና ጎረቤት ይጠይቃል፤ ጎረቤቱም «አዎ፣ ካርታ አለው» ይላል። ሌላ ሰው ይጠይቃል፤ እሱም አዎ። ሦስት ምስክር ሆነ። ግን ጎረቤቱም ሌላውም የሰሙት ከዚያው ደላላ ነው። ሦስት አፍ፣ አንድ ምንጭ። የምስክር ብዛትና የምስክር ነጻነት የተለያዩ መሆናቸው፣ በሰው ቃል ማመን መቼ እንደሚገባ፣ እነዚህ በእውቀት ፍልስፍና ውስጥ ሰፊ ምዕራፍ አላቸው። እዚህ አካባቢ ይህን ልዩነት ሳይለዩ የዕድሜ ልክ ቁጠባቸውን ያጡ ሰዎች አሉ።

አሁን የምስማማበት ቦታ ደረስኩ። ጽሑፉ አንድ ቦታ ላይ «ተማሪው የሚሸመድደው የሞቱ ሰዎችን ስም ነው» ይላል። ይህ ብዙ ቦታ እውነት ነው። ሃንድአውት ይባዛል። ተማሪው ዴካርት የት ተወለደ፣ ኢምፒሪሲዝም ማለት ምን ማለት ነው የሚለውን ሸምድዶ ምርጫ ያጠቁራል። የዴካርትን አንድ ገጽ ሳያነብ ስለ ዴካርት ኤ ያመጣል። ከሰባ ተማሪ ጋር ታጭቆ፣ ባልለመደው እንግሊዝኛ እየተጨነቀ፣ እጁን አውጥቶ «አልተስማማሁም» ሳይል ይመረቃል። ጸሐፊው ይህን ብቻ ጽፎ ቢሆን ከጎኑ ቆሜ እፈርም ነበር።

መፍትሔው ግን ክፍሉን መዝጋት አይደለም። የጌቲየር ጽሑፍ ሦስት ገጽ ናት። ፎቶ ኮፒ ተደርጋ ለሁሉም ትሰጥ። ሳምንቱን ሙሉ እሷው ብቻ ትነበብ። ክርክሩ በአማርኛም፣ በኦሮምኛም፣ ተማሪው በተመቸው ቋንቋ ይሁን። የውሃውን ዓይነት ምሳሌ እያንዳንዱ ከራሱ ሰፈር ፈልጎ ያምጣ፤ የጓደኛውን ምሳሌ ለማፍረስ ይሞክር። ፈተናው ላይ ደግሞ አንድ ጥያቄ ብቻ ይውጣ፦ ጌቲየር ተሳስቷል ብለህ የምታምን ከሆነ፣ የተሳሳተው የቱ ላይ ነው?